ሕመሙ ምን አስቀረብዎ?

የሕመም መለኪያ ቅጾችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው በአንዲት ግስ ላይ ነው። ቅጹ ሕመም በዕለት ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለመጠየቅ የሚጠቀምበት ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈለግ «ጣልቃ ገባ» ሆኖ ይገኛል፤ በዚህም የተነሣ «ባለፉት 24 ሰዓታት ሕመሙ በሥራዎ ውስጥ ምን ያህል ጣልቃ ገብቷል?» የሚል ጥያቄ ይወለዳል። በአማርኛ ጣልቃ የሚገባው ሰው ሲያወራ የሚያቋርጥ፣ በባልና ሚስት ነገር የሚገባ ጎረቤት ወይም በሌላ አገር ጉዳይ እጁን የሚያስገባ መንግሥት ነው እንጂ የወገብ ቁርጥማት አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ተራዋን የምትጠብቅ እናት እንዲህ ተብላ ብትጠየቅ ጠያቂውን ላለማሳፈር ስትል አንድ ቁጥር ትጠራ ይሆናል፤ የተጠየቀችውን ግን አልመለሰችም።

የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ ምን ያህል እንዳመመው ከመናገር ይልቅ ምን እንደነሳው መቁጠር ይቀናዋል፤ «እንቅልፍ ነሳኝ»፣ «ሥራ አስፈታኝ»፣ «እግሬን ያዘኝ»፣ «አልጋ ላይ አዋለኝ»፣ «ነጭናጫ አደረገኝ»፣ «ከሰው ለየኝ»፣ «ኑሮዬን አስጠላኝ» ይላል። እነዚህ ሰባት አባባሎች በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የሕመም መጠይቆች አንዱ ከሚያነሣቸው ሰባት ጥያቄዎች ጋር አንድ በአንድ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ይገጥማሉ። ስለዚህ በሕክምና ተቋሞቻችን ሕመምን ከነሳው ነገር አንጻር የመመዘን ልማድ ቢጀመር ለታካሚው እንግዳ የሚሆንበት ቁጥሩ ብቻ ነው፤ አስተሳሰቡን ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

በአሁኑ ጊዜ የተለመደው ጥያቄ «ምንም አለማመም ዜሮ፣ ሊታሰብ የሚችለው ከባድ ሕመም አሥር ቢሆን የእርስዎ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አጭር ነው፣ መሣሪያ አይፈልግም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሰዓታት ወይም አጥንቱ ተሰብሮ ለመጣ ሰው ማስታገሻ ለመጨመርና ለመቀነስ በቂ መመሪያ ይሰጣል። ለወራት ወይም ለዓመታት ወደ ቆየ ሕመም ሲመጣ ግን ያው ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ሲመላለስ የሚውል የባጃጅ ሹፌርና እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ሁለቱም ስለ ወገብ ሕመማቸው ተጠይቀው «አምስት» ቢሉ፣ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው። ሹፌሩ ግን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት አርፎ፣ ወገቡ ላይ ትራስ ደግፎ ሥራውን ይቀጥል ይሆናል፤ ሴትየዋ ደግሞ ምጣዱ ፊት ጎንበስ ማለት አቅቷት ከሳምንቱ ሦስት ቀን ሳትጋግር ቀርታ፣ የደንበኞቿ ዕዳ ተጠራቅሞባት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድር ይሆናል። ቁጥሩ አንድ፣ ኑሮው ሁለት ነው።

መጠንን ብቻ መጠየቅ ወዴት እንደሚያደርስ ከአሜሪካ ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚያ አገር ሕመም ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከትንፋሽና ከደም ግፊት ቀጥሎ «አምስተኛው የሕይወት ምልክት» ተብሎ በየጊዜው እንዲለካ ግፊት ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕመማቸው የተናቀባቸው ብዙ ታካሚዎች ነበሩና። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ግብ ሆነ፤ ሰባት ያለውን ታካሚ ወደ ሦስት ማውረድ እንደ ሥራ ውጤት ተቆጠረ፣ ቁጥሩን በፍጥነት የሚያወርደው ደግሞ ኦፒዮይድ የሚባለው የማስታገሻ ዓይነት ነበር። ኋላ ለደረሰው የሱሰኝነት ቀውስ ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም ይህ አሠራር አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ሕመም እንደ ሕይወት ምልክት መቆጠሩ እንዲቀር ወስኗል። የእኛ ችግር በመሠረቱ ተቃራኒው ነው፤ ካንሰር ያለበት ሰው ከዚሁ ወገን የሆነውን ሞርፊን በቀላሉ የማያገኝበት አገር ስለ መድኃኒት መብዛት የሚጨነቅበት ጊዜ ገና ነው። ይሁንና ከታሪኩ የሚወሰድ ሌላ ነገር አለ። «ስንት ያምዎታል?» ለሚለው ጥያቄ ሐኪሙ በእጁ ያለው መልስ የማስታገሻ ማዘዣ ብቻ ነው። «ምን መሥራት አቃተዎ?» ለሚለው ግን የፊዚዮቴራፒ ልምምድ፣ የምጣዱን ቁመት ከፍ ማድረግ፣ የእንቅልፍ ሕክምና፣ የድብርት ምርመራ፣ የሥራ ቦታ ለውጥ፣ ማስታገሻም ጭምር መልስ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄው በተለወጠ ቁጥር ሐኪሙ የሚያስበው መፍትሔም ይሰፋል።

ከላይ የተጠቀሰው ባለ ሰባት ጥያቄ መለኪያ «አጭር የሕመም መጠይቅ» (በእንግሊዝኛ Brief Pain Inventory) የሚባለው ነው። ቻርለስ ክሊላንድ የተባሉ የሥነ ልቡና ባለሙያና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሳተሙት ቀደምት ቅጽ የተወለደ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተዘጋጀው በተለይ ለካንሰር ታካሚዎች ነበር፤ በኋላ ለወገብ፣ ለመገጣጠሚያና ለነርቭ ሕመምም ውሏል፣ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። መጠይቁ በአንድ ወገን የሕመሙን መጠን በአራት መንገድ ይጠይቃል፤ ሲብስ፣ ሲሻል፣ በአማካይና አሁን። በሌላው ወገን ሕመሙ አጠቃላይ እንቅስቃሴን፣ ስሜትን፣ መራመድን፣ ሥራን፣ ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት፣ እንቅልፍንና በሕይወት መደሰትን ምን ያህል እንዳወከ እያንዳንዱን ከዜሮ እስከ አሥር ያስመዝናል። ዜሮ ማለት ምንም አላወከም፣ አሥር ማለት ፈጽሞ አስቀርቷል ማለት ነው። የሰባቱ አማካይ የጫናው ውጤት ይሆናል፤ ቢያንስ አራቱ ከተመለሱ አማካዩን መውሰድ ይቻላል።

እንጀራ ጋጋሪዋን እንውሰድና እንቅስቃሴ 5፣ ስሜት 4፣ መራመድ 2፣ ሥራ 8፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት 3፣ እንቅልፍ 7፣ በሕይወት መደሰት 6 ብላ መለሰች እንበል። ድምሩ 35፣ አማካዩ 5 ነው። አማካዩ ለጥናት ይበጃል፤ ከፊቷ ለተቀመጠው ሐኪም ግን ከአምስቱ ይልቅ ስምንቱና ሰባቱ ይናገራሉ። መራመድ ያልከበዳት፣ ማጎንበስና መተኛት ግን የከበዳት ሴት ናት። ባለሙያዎች ሰባቱን ጥያቄዎች ሲመረምሩ በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አስተውለዋል፤ መራመድ፣ እንቅስቃሴና ሥራ በአካል ወገን፣ ስሜት፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትና በሕይወት መደሰት በመንፈስ ወገን ይቆማሉ፤ እንቅልፍ ደግሞ ወደ ሁለቱም ያዘነብላል። አንዱ ወገን ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ያለበት ሰው ሕክምናው ከየት መጀመር እንዳለበት ከአማካዩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በእኔ እምነት አማካዩን ብቻ ካርድ ላይ መጻፍ ሰባቱን ጥያቄዎች የመጠየቅን ድካም ከንቱ ያደርጋል።

በመጠንና በጫና መካከል ያለው ዝምድና ራሱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለው። ሐኪሞች ከ1 እስከ 4 ያለውን ቀላል፣ 5 እና 6ን መካከለኛ፣ 7ና ከዚያ በላይ ያለውን ከባድ ሕመም ብለው ሲከፍሉ ክፍፍሉ ከቁጥሩ ተፈጥሮ የመጣ ይመስላል። ወሰኖቹ የተገኙት ግን በተለያዩ አገሮች የካንሰር ታካሚዎች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት፣ የሕመሙ መጠን በአንድ በጨመረ ጊዜ በኑሮ ላይ ያለው ጫና በድንገት የሚዘልባቸውን ቦታዎች በመፈለግ ነው። በሌላ አነጋገር መጠኑን «ከባድ» የሚያሰኘው ከኑሮ የወሰደው ነገር ነው። ጫናን ሳይለኩ መጠንን ብቻ መለካት የተበደሩትን ቃል ባለቤቱን ሳያውቁ እንደ መጠቀም ይቆጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝርም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ዝርዝር ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመምን በራሱ መለያ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ክብደቱ የሚገለጸው በሕመሙ መጠን፣ በሚያስከትለው የመንፈስ ጭንቀትና በዕለት ኑሮ ላይ በሚያሳድረው ጫና እንዲሆን አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው የተገመተ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የጥቂት ልዩ ሐኪሞች ጉዳይ አይደለም።

መጠይቁ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ግን በቋንቋ ብቻ የማይፈቱ ነገሮች ይከተላሉ። «ሥራ» የሚለው ቃል አንዱ ነው። ዋናው ቅጽ ከቤት ውጭ ያለውንም የቤት ውስጡንም ሥራ እንደሚያካትት በግልጽ ይናገራል፤ ይህ ማብራሪያ በትርጉም ከወደቀ ግን «ሥራ አለዎት?» ተብላ «የለኝም፣ የቤት እመቤት ነኝ» የምትል ሴት ጥያቄውን በዜሮ ታልፈዋለች። ይህች ሴት ሌሊት ተነሥታ ውሃ የምትቀዳ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ልጅ የምታዝል ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሉት የሲዳማ ቀበሌዎች ደግሞ እንሰት አለ፤ ሴቶች የእንሰቱን ልጥ በዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ረግጠው ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እየሳቡ ለሰዓታት ይፍቃሉ። ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻና ጉልበት በአንድ ጊዜ የሚፈተኑበት እንዲህ ያለ ሥራ እያለ ታካሚዋን በደፈናው «አጠቃላይ እንቅስቃሴዎ እንዴት ነው?» ማለት ብዙ አይረዳም። «እንሰት መፋቅ ይችላሉ? ምን ያህል ጊዜ ያርፋሉ?» ቢባል መልሱ ወዲያው ይመጣል።

በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የኦስዌስትሪ የወገብ ሕመም መጠይቅ ይህን ይበልጥ ያሳያል። አሥር ክፍሎች ያሉት ሲሆን ስለ መቀመጥ፣ ስለ መቆም፣ ዕቃ ስለ ማንሣት፣ ስለ ጉዞና ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል፤ የሚራመዱትን ርቀት የሚለካው በማይል ነው፣ ስለ ወሲብ የሚጠይቀው ክፍል ደግሞ በብዙ አገሮች ሳይመለስ ይታለፋል። የእኛ ታካሚ ርቀትን የሚያውቀው «እስከ ገበያው»፣ «እስከ ታክሲው» ብሎ ነው። መቀመጥን በተመለከተም ቅጹ የሚያስበው ወንበርን ነው፤ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላትን፣ መሬት ላይ ተቀምጦ መነሣትንና በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለትን አይጠይቅም። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ ካልተጠየቀ ደግሞ በራሱ አንሥቶ የሚናገረው አይደለም። ቆሞ ማስቀደስና ስግደት፣ ሶላት፣ ለቅሶ መድረስና ድንኳን ውስጥ ረጅም ሰዓት መቀመጥም እንዲሁ ናቸው። ከእድርተኛው ለቅሶ መቅረት በእኛ ዘንድ «ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት» የሚለው ጥያቄ ዋና ሥጋ ነው፤ በቅጽ ላይ ግን ሲገባ አይታይም።

ቁጥሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ «ከአሥር ስንት አገኘህ?» እየተባለ ስላደገ አሥር ለእሱ ጥሩ ውጤት ነው፤ ሳይብራራለት «ዘጠኝ» ያለ ታካሚ ደህና መሆኑን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ደግሞ ስሜቱን በቁጥር ማስቀመጥ ራሱ ያስቸግረዋል፤ ለእሱ «ምንም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ፣ ፈጽሞ» የሚሉት ቃላት ይቀላሉ። ሐዋሳ ደግሞ በአንድ ቋንቋ የምትኖር ከተማ አይደለችም። ሰዉ ሪፈራል እያለ በሚጠራው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲ የሚመጡ ታካሚዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ አብሮ የመጣ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ነው፤ እናቱ ስለ ስሜቷና ስለ ትዳሯ የምትናገረውን ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ መልሱን ከመነሻው ያጎድለዋል። በአንድ ቋንቋ ብቻ በጥንቃቄ የተተረጎመ ቅጽ በቃል እየተመለሰ ሲነበብ ጥንቃቄው ይጠፋል፤ ስለዚህ የሲዳምኛው ቅጂ ከአማርኛው ሳይሆን ከዋናው ተነሥቶ፣ ወደ ዋናው ተመልሶ ተፈትሾ፣ በመጨረሻም ታካሚዎች ጥያቄውን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲናገሩት ተደርጎ መሠራት ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሐሰተኛው ዜሮ ነው። ሕመም ሲቆይ ሰው ኑሮውን በሕመሙ ልክ ይቆርጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ ያልወጣች ሴት «ሕመሙ ገበያ ከመሄድ ከለከለዎ?» ብትባል «አይ፣ እኔ ገበያ አልሄድም» ልትል ትችላለች፤ ከሕመሙ በፊት በየሳምንቱ ትሄድ እንደነበር ጠያቂው አያውቅም፣ እሷም እንደ ሕመም መቁጠሩን ትታዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚለው የሰላምታ ምላሽም እዚህ ላይ ይደረባል፤ ምስጋና እንጂ የጤና መግለጫ አይደለም፣ ከካርድ ክፍል እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ ድረስ ግን እንደ መግለጫ ሲወሰድ ይታያል። ሌላው ደግሞ ሥራው ወደ ሌላ ሰው መዛወሩ ነው። እናቲቱ ስለማትጋግር የምትጋግረው የ14 ዓመት ልጇ ናት፤ ቤቱ እንጀራ አላጣም፣ እናቲቱም «ሥራ አልተስተጓጎለም» ብትል አልዋሸችም፣ የተስተጓጎለው የልጅቷ ትምህርት ነው። የታካሚውን ውጤት ብቻ የሚመዘግብ የትኛውም መጠይቅ ይህን አያይም። ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ግን ያወጡታል፤ «ባያምዎ ኖሮ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?» እና «አሁን ያንን ማን ይሠራልዎታል?»። እነዚህን የትም አገር ቅጽ ላይ አላየሁም፤ ለእኛ ቤት ግን ከሰባቱ ጥያቄዎች ባልተናነሰ ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ።

ጊዜ የለም የሚለው ተቃውሞ እውነተኛ ነው። በቀን እጅግ ብዙ ታካሚ የሚያይ ሐኪም ባለ አሥር ክፍል ቅጽ አያስሞላም። ለዚህ የተዘጋጀ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር መለኪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሲሆን ያለፈው ሳምንት አማካይ ሕመም፣ በሕይወት መደሰትና አጠቃላይ እንቅስቃሴ እያንዳንዳቸው ከዜሮ እስከ አሥር ተጠይቀው አማካያቸው ይወሰዳል። ታካሚው ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ ነርስ ልትሞላው የምትችለው ነገር ነው፤ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ጥቅሙ የሚታየው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን እንደ አንድ ቀን የሙቀት ልኬት ነው፤ ውጤቱ ከ6 ወደ 4 ሲወርድ፣ ማለትም 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀንስ፣ ለታካሚው ራሱ የሚታወቅ ለውጥ እንደ መጣ ይቆጠራል። ማስታገሻ በወሰደ ቁጥር መጠኑ ከ7 ወደ 4 እየወረደለት እንቅስቃሴው ግን 8 ላይ የቆመ ታካሚ ከሦስት ወር በኋላም ያው ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ ከተደገመለት መለካቱ ምንም አልጠቀመም፤ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መላክ የነበረበት በመጀመሪያው ወር ነበር። ወጌሻ ዘንድ የሄዱት ታካሚዎች ምን እንደተደረገላቸው ሳይወቀሱ መጠየቃቸውም በዚሁ ቅጽ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ካልተጠየቁ ይደብቁታል፣ ውጤቱም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የተመዘገበውን ማን ያየዋል የሚለው ጥያቄ በሐዋሳ ከሌላው ከተማ ይበልጥ ይነሣል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ በርካታ ወጣት ሴቶች በስፌት መስመር ላይ ይሠራሉ፤ በመስመር ሥራ ውስጥ አንገቷን ወይም ትከሻዋን የሚያማት አንዲት ሠራተኛ ስትዘገይ ከኋላዋ ያለችውም ትዘገያለች። እንዲህ ባለ ቦታ «ሥራ 8» የሚል ወረቀት ከታካሚዋ እጅ ወጥቶ ለአሠሪ ቢደርስ እንደ ሕክምና መረጃ ሳይሆን እንደ ብቃት ምስክር ሊነበብ ይችላል፤ ይህን የጠረጠረች ሠራተኛ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሥራ 1» ትላለች። ስለዚህ የጫናው ውጤት ከሕመም ፈቃድ ወረቀት ጋር መያያዝ የለበትም፤ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ስንት ቀን እንድታርፍና የትኛውን እንቅስቃሴ እንድትቀንስ ነው፣ ሰባቱ ቁጥሮች ግን በታካሚዋ ካርድ ውስጥ ይቀራሉ።